ጋሽ ጆሮ ያልሰማው ሳል

የእህቴ ባል መኪና ሲያስል ይሰማል። ሌላው መካኒክ ኮፈኖ ከፍቶ፣ ቱቦ ነቅሎ፣ ባለመኪናውን አስጨንቆ የሚደርስበትን ችግር እሱ ከጋራዡ በር ላይ ቆሞ በጆሮው ይጨርሰዋል። መኪናው ገና ከዋናው መንገድ ሲታጠፍ «የዚህ ካንዴላው ነው» ይላል። «የዚያ ቫልቩ ነው።» «የዚህኛውስ ሹፌሩ ነው።» ነገሩ ሲጠናበት ረጅሙን ካቻቪቴ ያወጣና ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አስደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ያን ሰዓት ጋራዡ ውስጥ መዶሻ የሚያነሣ የለም፤ ማስነጠስ የመጣበትም ውጭ ወጥቶ ነው የሚያስነጥሰው። የወጣለት ስም ተረስቶ ጋሽ ጆሮ ተብሎ የቀረው በዚህ ነው። እህቴ ራሷ በስሙ የምትጠራው ስትናደድ ብቻ ነው።

እኔ የሚስቱ ታናሽ እህት፣ ዋርሳው ነኝ። ከጋራዡ ግድግዳ ጋር በተጣበቀች ጠባብ ሱቅ ውስጥ መለዋወጫ እሸጣለሁ፤ ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ ፍሬን ሸራ፣ የመሳሰለውን። መኖሪያችንም አንድ ግቢ ነው። እነሱ ከፊት ባለው ቤት፣ እኔ ከኋላ ባለችው ክፍል። እንግዲህ ጋሽ ጆሮን ቀን በሥራ፣ ማታ በእራት አየዋለሁ ማለት ነው። አንድን ሰው ይህን ያህል ማየት ለማንም አልመክርም።

የማይችለው ሙያ የለም። አንድ ነገር ብቻ አይችልም፤ «አላውቅም» ማለት። ስለ መኪና ቢጠይቁት ያውቃል፣ ይህስ ደግ። ስለ ፍርድ ቤት ቢጠይቁት ያውቃል። ስለ ሕፃን ጥርስ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ሩቅ አገር መንግሥት፣ የጎረቤት ልጅ ለምን እንዳላገባች፣ ሁሉንም ያውቃል። ሳያውቅ ሲቀር ደግሞ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። አንዴ መንገድ የጠፋው ሰው አድራሻ ጠይቆት፣ ጋሽ ጆሮ በሙሉ ልብ ተሳስቶ እስከ ከተማው ማዶ ልኮታል። ሰውዬው አመስግኖ ነው የሄደው።

በሥራው ግን አንድ ነገር አይታገሥም። አንዳንድ ሹፌር አለ፣ ዳሽቦርዱ ላይ የዘይቷ ቀይ መብራት ስትበራበት ዘይት አይጨምርም። ጋራዥ ድረስ ይመጣና «ይቺን አምፖል ንቀልልኝ፣ ዓይኔን ወጋችኝ» ይላል። እንዲህ ያለውን ሰው ጋሽ ጆሮ በቁሙ ያዋርደዋል።

«ቤትህ ሲቃጠል እሳት እሳት ብሎ የሚጮኸውን ጎረቤት አፉን ትይዘዋለህ?» ይለዋል። «መብራቷ ምን በደለችህ? ሞተርህ እኮ ነው አፍ አውጥቶ የሚለምንህ። ሂድልኝ፣ እኔ የሬሳ ሣጥን አልሠራም።»

የጋራዡ ግድግዳ ላይም ከአንድ ጭነት መኪና በተረፈ ቀይ ቀለም «ሳይቃጠል በቅጠል» ብሎ በትልቁ ጽፏል። ጽሑፉ የሚነበበው ጭሱ ገለል ሲል ነው። ጭሱ የመኪና ብቻ አይደለም፤ ጋሽ ጆሮ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ሲጋራ ከከንፈሩ አይለይም። አንዱን በአንዱ ያቀጣጥላል። ክብሪት መቆጠቡ ነው።

አሁን ፍሬን ሲሠራ ልንገራችሁ። ጎማውን ያወርዳል፣ ታምቡሩን ያወልቃል፣ ከዚያ የኮምፕሬሰሩን የአየር ቱቦ ያመጣና ያለቀውን ሸራ ብናኝ እፍ ያደርገዋል። ግራጫ ደመና ይነሣል። ደመናው መሀል ሲጋራውን ነክሶ የቆመው እሱ ነው። የፍሬን ሸራውን የምሸጥለት እኔ ስለሆንኩ ካርቶኑን አውቀዋለሁ። ርካሽ፣ አሮጌ ሥሪት ነው። ጎኑ ላይ በማናውቀው ቋንቋ በደቃቅ ፊደል የሆነ ነገር ተጽፏል፤ ከሥሩ አፍና አፍንጫውን የሸፈነ ሰው ተስሏል። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ይሄ ሥዕል ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

ካርቶኑን ገልበጥ አድርጎ አየው። «ይሄማ ዘራፊ ነው» አለኝ። «ከሌባ ጠብቁ ማለቱ ነው። ሸራ ተፈላጊ ዕቃ ነው እኮ፣ አንቺ ደግሞ።» ከዚያን ቀን ጀምሮ ሸራዎቹን ቁልፍ ያለው ሣጥን ውስጥ አስቀምጣቸው ጀመር።

ሌሎቹ መካኒኮች ማታ ቱታቸውን ሚስማር ላይ ሰቅለው ይሄዳሉ። ጋሽ ጆሮ ግን ንጹሕ ሰው ነው። የሱ ቱታ በየቀኑ ቤት ገብቶ መታጠብ አለበት፤ ንጽሕናው እንግዲህ በእህቴ እጅ ነው። እህቴ ቱታውን ተቀብላ ግቢ ታወጣውና በሁለት እጇ ይዛ ታራግፈዋለች። ያ ግራጫ ደመና ከጋራዡ እስከ ቤታችን በእግሩ መጥቶ እሷ ፊት ላይ ይነሣል። ከዚያ ትዘፈዝፋለች፣ ታሻለች፣ ታሰጣለች። «የሰው ሚስት እንዲህ ያለ ቱታ ታወጣለች?» እያለ ጋራዥ ውስጥ ይኮራባታል። በእውነት ነው፣ ከፋብሪካ የወጣ ይመስል ነበር።

ለሚስቱም ያስባል። ሳሎኑ መጋረጃና ወንበር አለው፣ እንግዳ ይገባበታል፣ ሲጋራ እንዳይሸት ብሎ እዚያ አያጨስም። የሚያጨሰው ኩሽና ነው። ኩሽናችን መስኮቷ የመጽሐፍ ስፋት አታህልም፤ መብራት ሲጠፋ የሚበስለው በከሰል ነው፣ መብራት ደግሞ መጥፋቱን አይረሳም። እህቴ ምድጃው ላይ ጎንበስ ስትል የከሰሉ ጭስ ከፊቷ ነው፣ በሩን ተደግፎ የቀኑን ወሬ የሚያወራላት የባሏ ጭስ ከኋላዋ። ይዋደዳሉ፣ ይህን መካድ አልችልም። ሥራ ውሎ መጥቶ ከሷ አጠገብ ካልቆመ እራት አይወርድለትም። እንግዳ ሲመጣም «ሳሎናችሁ እንዴት ደስ የሚል ሽታ አለው» ተብለን እንመሰገናለን።

ሳሉ የሚጀምረው ጎህ ሲቀድ ነው። መጀመሪያ እንደማይነሣ ሞተር ሁለት ሦስቴ ይንጠራራል፣ ከዚያ ይነሣል፣ ከዚያ ግቢው በሙሉ ይነሣል። ከጎረቤት ወገን ሰዓት ገዝቶ የተጸጸተ አለ። የሳሉ ነገር ከተነሣ ደግሞ ጋሽ ጆሮ መልስ አያጣም።

«ይሄ ሳል አይደለም፣ ማርሚታ ነው» ይላል። «ያረጀ ማርሚታ ይጮኻል እንጂ መኪና አያቆምም።»

«ታዲያ አንተ ጋ እንዲህ የሚጮኽ መኪና ቢመጣ ምን ትለዋለህ?» ትለዋለች እህቴ።

«መኪና ሌላ፣ ሰው ሌላ።»

ቤተ ሰቡ በሙሉ ዘመቻ ገባ። መሪዋ እህቴ ናት። ለመነችው፣ አለቀሰችበት፣ ሽማግሌ ላከችበት፤ ሽማግሌው አብሮት አጭሶ ተመለሰ። እኔም የበኩሌን ተናግሬያለሁ፣ ምላስ አላነሰኝም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ። ሲነግሩት ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል፤ የሰፈሩ ትልቁ ጆሮ። እህቴ ሽሮፕ ገዛችለት። አንድ ማንኪያ ቀምሶ «ፀጉር ማጠቢያ ነው» ብሎ ጠርሙሱን ወዲያ አለው። ጠርሙሱ ግን አለቀ። ሌላ ተገዛ፣ እሱም አለቀ። ማን ጨረሰው ብሎ የጠየቀ የለም።

በዚያው ሰሞን የእህቴ ድምፅ ሻከረ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ እሱ ላይ ስትጮህ ነው። ግራ ትከሻዋን ያማት ጀመር። የዚህም ምክንያት ግልጽ ነበር፤ ቱታ ማሸት። ከሱቄ እስከ ግቢያችን ያለችውን ዳገት ስንወጣ መሀል ላይ እየቆመች የሰው አጥር አበባ ታደንቃለች፤ አበባ ወዳለሁ አለች፣ አመንናት። ቀጠነች። ለዚህማ ምክንያትም አላስፈለገን፣ ምርቃት ነው ያወረድንላት። ቀሚሷን ለማጥበብ ስትሄድ ልብስ ሰፊዋ «እንዴት አድርገሽ ነው? ለኛም ንገሪን እንጂ» ትላት ነበር። ቤታችን ውስጥ ምክንያት ያልተገኘለት ነገር አልነበረም።

ሳልም ነበራት። ደረቅ፣ አጭር፣ እጅጌዋን አፏ ላይ አድርጋ የምትስላት ሳል። እሱ ሲጀምር ጠብቃ በሱ ሳል ሥር ትስላለች። ከማን እንደምትደብቅ ኋላ ጠይቄያት «ቤቱ አንድ በሽተኛ አለው፣ ሁለተኛ ምን ያደርግለታል?» ነው ያለችኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያለች ባሏን የምትመክረው ራሷ ነበረች።

አንድ ቀን አንዲት ወጣት ሴት ትንሽ ሰማያዊ መኪና እየነዳች ጋራዡ ገባች። ጋሽ ጆሮ ከሩቅ ሰምቶ ፊቱን አጨፍግጎ ጠበቃት። መስኮቷን ሳትከፍት ዳሽቦርዱን አየ፤ የዘይቷ መብራት ፍም መስላለች።

«ይቺ መብራት ከበራች ስንት ጊዜዋ ነው የኔ ልጅ?»

«እኔ እንጃ» አለች፤ እንዲህ ማለት የሚችል ሰው አይቼ ደስ አለኝ። «ወር ሳይሞላት አይቀርም። ሥራ በዝቶብኝ ነው።»

«ወር ሙሉ» አለ ጋሽ ጆሮ፣ ወደኛም ዞር እያለ፣ ሁላችንም እንድንሰማ። «ወር ሙሉ ሞተሩ እባክሽ እያለ ሲለምናት ሥራ በዝቶባታል። አየሽ፣ ችግር መጀመሪያ ላይ ትንሽ ነው። ጠብታ ዘይት ነው። ከዚያ ብረት ብረትን ይበላል፣ ከዚያ...» ከዚያ ሳሉ መጣ። ስብከቱ ሲሞቅ ሳሉም ይሞቃል። በአንድ እጁ መኪናዋን ተደግፎ ጎንበስ ብሎ ሳለ፣ ሳለ፣ ዓይኑ እስኪቀላ ሳለ።

ሴትዮዋ ከመኪናዋ ወርዳ ጨርሶ ቀና እስኪል ጠበቀችው። «ይቺስ ከበራች ስንት ጊዜዋ ነው?» አለችው።

«የቷ?»

«አሁን የሳሏት።»

«እሷማ የቆየች ናት። የሲጋራ ናት።»

«የቆየች ከሆነች ታዲያ የኔም መብራት ወር ሞልቷታል፣ የቆየች ናት። ንቀሉልኝና ልሂድ።»

 እኔ ከሱቄ ወጥቼ በሩ ላይ ቆምኩ፤ እንዲህ ያለ ነገር በየቀኑ አይገኝም። ሴትዮዋ የሳንባ ሐኪም ሆና ተገኘች፤ ከኛ ሰፈር ራቅ ካለው ትልቁ ሆስፒታል። ቁጣ የላትም፣ ወሬ እንደሚያወራ ሰው ነው የምታወራው።

«ከሦስት ሳምንት ያለፈ ሳል መታየት አለበት» አለችው። «የቆየ ሳል ደግሞ ጠባዩን ከለወጠ፣ ድምፁ ከተቀየረ፣ ከባሰበት፣ ቶሎ ይታያል። ደም የቀላቀለ ከሆነማ ለነገ አይባልም። ሲራመዱ ትንፋሽ ያጥርዎታል?»

«እኔን? ጎማ ተሸክሜ እሮጣለሁ።»

«ደረትዎን፣ ትከሻዎን ያምዎታል? ሳይፈልጉ ቀንሰዋል? የሳንባ ምች እየተመላለሰ ይዞዎት ያውቃል? ድምፅዎስ አልሻከረም?»

«ይሄ ሁሉ የለብኝም። ከቆጠርሻቸው ውስጥ ያለችኝ ሳል ብቻ ናት» አለ፣ ፈተና እንዳለፈ ሰው።

«እርስዎ መኪና ሲያዩ ሁሉም መብራት እስኪበራ ነው የሚጠብቁት?»

ጋሽ ጆሮ ሊያቀጣጥለው ያወጣውን ሲጋራ መልሶ ፓኮው ውስጥ ከተተው። ይህን እንዳየሁ ልሙት አልኩ፣ ምን ቀረኝ። ሐኪሟ ዓይኗን ዞር ስታደርግ የወለቀውን ታምቡርና ከሥሩ የተኛውን ግራጫ ብናኝ አየች። ሸራው ከየት እንደሚመጣ ጠየቀች፤ ካርቶኑን አምጥቼ አሳየኋት፣ ዘራፊውንም ጭምር። አልሳቀችም። አሮጌው ሥሪት አስቤስቶስ የሚባል ነገር ሊኖረው እንደሚችል፣ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ዓመት ከዓመት እንደሚቀመጥ፣ ከሲጋራ ጋር ሲገናኝ ደግሞ አንዱ ሌላውን እንደሚያባብስ ነገረችን። «በአየር አትንፉት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ አፍንጫችሁንም እንደዚህ ዘራፊ ሸፍኑ» አለች።

ተስማሙ። እሱ መኪናዋን ሊሠራ፣ እሷ እሱን ልታየው። ጋሽ ጆሮ ቃሉን አያጥፍም፤ ሠራተኛ ከሠራተኛ ጋር የተዋዋለው ውል ሆነበት።

በቀጠሮው ቀን ሦስታችንም ሄድን። እህቴ እሱን ንጹሕ ሸሚዝ አልብሳ፣ እሷ ያንን የጠበበ ቀሚስ ለብሳ። ኮሪደሩ ላይ ከረጅሙ የእንጨት ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሱን እጅ ይዛ ነበር፤ እጁን ሳይሆን እሱን ራሱን እንዳይሸሽ የያዘች ነው የምትመስለው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ስለት ትሳላለች። ከፊታችን ግድግዳው ላይ የሳንባ ሥዕል ተለጥፏል። ጋሽ ጆሮ ሥዕሉን ትኩር ብሎ አየና «ሁለት ፊልትሮ ነው» ብሎ አስረዳን። ራጅ ክፍል ገብቶ ሲወጣ ደግሞ ለባለሙያው «ማሽንህ ቤሪንጉ እያለቀ ነው፣ ሳይቃጠል አሳየው» ብሎት ነበር። ከዚያ በትልቁ ማሽን፣ በሲቲ ስካን አዩት። ይህንንም አዳምጦ አወድሶታል።

ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ ፎቶውን አብርታ አየችው። «ሲጋራው ሳንባዎን አቁስሎታል» አለችው። «ሳሉ የቆየ ብሮንካይት፣ የአየር ቧንቧ መቆጣት ነው። ማጨስ ዛሬ ያቁሙ፣ በየጊዜው እየመጡ ይታዩ። ዕጢ ግን አላየሁም።»

ጋሽ ጆሮ ከዚህ ሁሉ የሰማው የመጨረሻዋን ነው። ደረቱ ተነፋ። «አላልኩም?» አለ። «ማርሚታ ነው አላልኩም? እነዚህ ሁለት ሴቶች ከነነፍሴ ለቅሶ ሊቀመጡልኝ ነበር እኮ።»

እህቴ ተመስገን እያለች አለቀሰች፣ ሳቀች፣ ከዚያ ሳሏ መጣ። ጋሽ ጆሮ ያን ሰዓት ከደስታው የተነሣ ሳል አልነበረውም። የሚሸፍናት ነገር ስላልነበረ የእህቴ ሳል ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ተሰማች። ደረቅ፣ አጭር፣ ደጋግማ፣ እጅጌዋ አፏ ላይ።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ይሄ ሳል ከጀመረዎት ስንት ጊዜው ነው?»

«ኧረ የኔስ ምንም አይደል» አለች እህቴ በዚያ በሻከረ ድምፅ። «እሱን እዪልኝ አንቺ ብቻ።»

«ድምፅዎስ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

እህቴ እኔን አየችኝ። እኔም አየኋት። ስትዘፍን የነበራት ድምፅ ትዝ አለኝና መቼ እንደጠፋ ለማስታወስ ሞከርኩ።  መልሱን የሰጠው ሁሉን አዋቂው ነው።

«ጉንፋን ነው» አለ ጋሽ ጆሮ። «እሷ በዕድሜዋ አንድ ሲጋራ አጭሳ አታውቅም።»

«አጭሳ እንደማታውቅ ለሳንባዋ ማን ይነግረዋል?» አለች ሐኪሟ። «እርስዎ ቤት ውስጥ የሚያጨሱት የት ነው?»

«ኩሽና» አለ፣ ሳሎኑን ማዳኑን እያሰበ።

«ቱታዎን የሚያጥበው ማን ነው?»

ይህንንም ሊኮራበት አፉን ከፈተ። ግማሹ ላይ ሲደርስ ክው ብሎ ቀረ።  ከዚያ በኋላ ሐኪሟ የጠየቀችውን ሁሉ፣ ትከሻዋን፣ ትንፋሿን፣ ቀሚሷን፣ አንድ በአንድ የመለስኩት እኔ ነኝ። መብራቶቹ ሁሉ በርተው ነበር። ስንቱን አምፖል በየተራ ነቅለን እንደጣልን እዚያ ተቀምጠን ነው የገባን።

ፎቶ አነሷት፣ ናሙና ወሰዱ፣ ጠበቅን። ካንሰር ነው አሉን። ግራ ሳንባዋ ላይ ሆኖ የድምፅን ነርቭ ነክቷል፣ በቀዶ ሕክምና አይወጣም፣ በመድኃኒትና በጨረር እንዲሟሽሽ ይሞከራል። «ይድናል ብዬ ቃል አልገባም» አለች ሐኪሟ፤ «ምንም አይደረግም ብዬም አላሰናብታችሁም። እናክማታለን።» ቀድመን መጥተን ቢሆንስ ብዬ ጠየቅኋት። ቀድሞ መምጣት ሁልጊዜ ይሻላል አለችኝ፣ ዓይኗን ከዓይኔ ሳታነሣ።

ያን ቀን ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ቆሜ አለቀስኩ። ጋሽ ጆሮን ጠላሁት፤ ሌላ ቃል አልፈልግለትም፣ ጠላሁት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚሉት ለካ ይህ ነው። እሱ አጠገቤ ቆሞ ነበር። እጁ ከልምድ የተነሣ ኪሱ ውስጥ ገብቶ ፓኮውን አወጣ፣ አየው፣ ጨመቀው፣ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣለው። አሁን ጣለው። እሰይ፣ ጎበዝ።

ጠያቂው ጎረፈ። ሳሎናችን ተሞላ፣ አሁንም ሽታው ያማረ ነው። «ውይ፣ እሷ ታጨስ ነበር እንዴ?» እያሉ በሹክሹክታ የሚጠይቁኝ አሉ። «አታጨስም» ስላቸው ቅር ይላቸዋል፤ ሰው ለራሱ የሚጽናናበት ነገር ይፈልጋል። አንዷ ደግሞ «እሱ ነው እኮ ሲስል የኖረው፣ ምን ዓይነት ነገር ነው» ብላ ጋሽ ጆሮን ቀና ብላ አየችው፣ የተሳሳተ ቤት እንደተላከ ዕቃ። እሱ አንገቱን ደፋ። አንዱ ጎረቤታችን ሊያጽናናው ሲጋራ ቢዘረጋለት ግቢው በር ድረስ ሸኝቶታል።

ጋራዡ ውስጥ የአየር ቱቦው ከፍሬን ተከለከለ፤ ታምቡር በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። መካኒኮቹ ሁሉ ዘራፊ መስለዋል። ቱታ ከጋራዥ አይወጣም። የሱን ራሱ ያጥባል፣ እዚያው በርሜል ውስጥ፣ እንዴት እንደሚያጥብ ባታዩት ይሻላል። የሚያበስለውም እሱ ነው፣ ከሰሉን ደጅ አውጥቶ። እህቴ እየበላች ታመሰግነዋለች፤ ምግቡ ግን ከሕክምናው ጋር ተዳምሮ የሚያስቸግራት ይመስለኛል።

ሕክምናው አደከማት። ፀጉሯ ሳሳ፣ ድምፅዋ ደግሞ ከሹክሹክታ ከፍ አይልም። አንድ ከሰዓት በኋላ ሄጄ ሳያት ኩሽናው በር ላይ፣ ድሮ እሱ ተደግፎ የሚያጨስበት ቦታ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ትሞቃለች። ጋሽ ጆሮ ከሥራ መጣ። እጁን እስከ ክርኑ ታጥቧል። ከብብቱ ያንን ረጅም ካቻቪቴ አወጣ፤ በአልኮል ወልውሎ ጫፉን በጥጥ ጠቅልሎታል።

«አብደሃል እንዴ?» አለችው በሹክሹክታ፣ እየሳቀች።

«ዝም በይ። ልስማ።»

ከኋላዋ ተንበርክኮ በጥጥ የተጠቀለለውን ጫፍ ጀርባዋ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አደረገ። ዓይኑን ጨፈነ። ጋራዥ ውስጥ ሲያዳምጥ እንደሚሆነው ሁሉ ግቢው ጸጥ አለ። ቆየ። ቦታ ቀይሮ ደግሞ ቆየ። በጉንጩ ላይ እንባ ሲወርድ ከቆምኩበት ይታየኛል።

«ምን ሰማህ?» አለችው እህቴ።

መልሱን ጠበቅን። ከዚያች ከሆስፒታሉ ቀን በቀር ጋሽ ጆሮ ጠይቀውት መልስ አጥቶ ስለማያውቅ ጠበቅን። ካቻቪቴውን ዝቅ አድርጎ ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

«አላውቅም» አለ።

እህቴ ዞራ አየችው።

«አላውቅም» አለ እንደገና። «ነገ ሐኪሟ ጋ እንሄዳለን። እሷን እንጠይቃታለን።»

ይቺ ቃል ከአፉ እስክትወጣ የእህቴን ድምፅ አስከፍላለች። እህቴ ልትመልስለት አፏን ከፈተች፣ ድምፅ አልወጣም፣ ራሷን ብቻ ነቀነቀችለት።